ቅጥርና ጎተራ፤ የሰው ልጅ ደኅንነት በመንግሥታት የጸጥታ አሳብ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?

ጸጥታ የሚለው ቃል በመንግሥታት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲተረጐም የኖረው በወሰንና በጦር ነው። ወሰኑ ያልተደፈረ፥ ጦሩ የበረታ፥ መንግሥቱ ያልተናወጠ አገር ጸጥታ ያለው አገር ይባላል። በዚሁ አገር ውስጥ ገበሬው በራብ ቢያልቅ፥ ሕፃናት በወባና በኩፍኝ ቢረግፉ፥ መንገደኛ በሽፍታ ቢገፈፍ፥ ነገሩ የእርሻ ወይም የጤና ጥበቃ ወይም የፖሊስ ሥራ ነው ይባላል እንጂ የጸጥታ ጉዳይ ነው ተብሎ በጦር ሹማምንትና በውጭ ጉዳይ አማካሪዎች ፊት የሚቀርብ አልነበረም። የአገር ጸጥታና የሕዝብ ኑሮ በሁለት መዝገብ የተጻፉ፥ መዝገቦቹም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የማይገናኙ ነበሩ።

ከ1994 ወዲህ ግን ሁለቱን መዛግብት አንድ ለማድረግ የሚሻ አሳብ በዓለም ላይ ተነሥቶአል፤ ስሙም የሰው ልጅ ደኅንነት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አሳቡ ከተነገረ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ስለሆነ ዛሬ ሊመረመር የሚገባው የቃሉ ማማር አይደለም፤ ስለ ጸጥታ ቈራጮች የሆኑት ሰዎች በእርሱ ምክንያት ሥራቸውን ለውጠዋልን፥ ወይስ አነጋገራቸውን ብቻ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከጉባኤ ንግግር ሳይሆን ከተሠራው ሥራና ከወጣው ገንዘብ ነው።

አሳቡን አደራጅቶ ለዓለም ያቀረበው ቀድሞ በአገሩ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ፓኪስታናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ማኅቡብ ኡል ሐቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 ባወጣው የሰው ልማት መግለጫ ላይ፥ የጸጥታ መለኪያው መንግሥቱ ብቻ ሳይሆን በመንግሥቱ ሥር የሚኖረው ሰው መሆን አለበት ተብሎ ተጻፈ። ሰውንም የሚያሰጉት ነገሮች በሰባት ተከፈሉ፤ እነርሱም የኑሮ ገቢ፥ የምግብ፥ የጤና፥ የአካባቢ፥ የአካል፥ የማኅበረሰብና የፖለቲካ ደኅንነት ናቸው። ሁሉም በሁለት ቃል ይጠቀለላሉ፤ አንደኛው ከፍርሃት ነጻ መውጣት፥ ሁለተኛው ከችጋር ነጻ መውጣት ነው።

እነዚህ ሁለት ቃላት በዚያን ጊዜ አዲስ የተፈጠሩ አልነበሩም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1941 ለምክር ቤታቸው ባደረጉት ንግግር ለሰው ሁሉ ይገባሉ ካሏቸው አራት ነጻነቶች መካከል ሁለቱ እነዚህ ነበሩ። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በሳን ፍራንሲስኮ ሲፈረም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኤድዋርድ ስቴቲንየስ፥ ሰላም በሁለት ግንባር ካልተዋጉላት አትገኝም፤ አንዱ ግንባር የጸጥታ፥ ሁለተኛው የኑሮና የማኅበር ነው የሚል አሳብ ለመንግሥታቸው አቅርበው ነበር። ነገር ግን ወዲያው የምሥራቅና የምዕራብ ፉክክር ስለ ተነሣ፥ የመጀመሪያው ግንባር ሁለተኛውን ዋጠው። አርባ ዓመት ሙሉ ጸጥታ ማለት የአቶም ቦምብና የጦር ቃል ኪዳን ሆኖ ኖረ።

ፉክክሩ በ1991 ከሶቪዬት ኅብረት መፍረስ ጋር ባበቃ ጊዜ ሁለት ነገሮች በገሃድ ታዩ። የመጀመሪያው፥ ጦርነት የሚነሣው በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ሳይሆን ይበልጡን በአንድ አገር ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ሰውን የሚገድለው ሁልጊዜ የውጭ ጠላት እንዳልሆነ ነው። የሐቅ መግለጫ በወጣበት በዚያው በ1994 በሩዋንዳ ወደ 800 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ በመቶ ቀን ውስጥ በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ታረደ። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያ የነበረውን 2,500 የሚያህል የሰላም ጦር ያጠናክራል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ወደ 270 እንዲወርድ በኤፕሪል ወር ወሰነ። የሩዋንዳ ወሰን በዚያን ጊዜ አልተለወጠም፤ በተባበሩት መንግሥታት ያለው ወንበሩም ባዶ አልሆነም፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት የጸጥታው ምክር ቤት አባል ነበር። በአሮጌው ሚዛን ሲመዘን መንግሥት አለ፤ ሕዝቡ ግን አለቀ። አዲሱ አሳብ ሰሚ ያገኘው ስለዚህ ነው።

አሳቡን ከመጽሐፍ አውጥተው ወደ ሥራ ካመጡት መንግሥታት ግንባር ቀደም የሆኑት ካናዳና ኖርዌይ ናቸው። እነርሱ የመረጡት ከፍርሃት ነጻ መውጣት የሚለውን ክፍል ነበር። የካናዳ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ አክስዎርዚ በ1996 በኦታዋ ጉባኤ ላይ፥ በዓመቱ ተመልሳችሁ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክል ውል ፈርሙ ብለው መንግሥታትን ጠሩ። ከአንድ ዓመት ጥቂት ዘግይቶ በዲሴምበር 1997፥ 122 መንግሥታት ፈረሙ። ይህ ውል በታላላቆቹ ኃያላን መሪነት የተገኘ አይደለም፤ አሜሪካም ሩስያም ቻይናም አልፈረሙም። በመካከለኛ መንግሥታት፥ በቀይ መስቀልና በግል ማኅበራት ትብብር ተሠራ። ጦር ሠራዊቶች ለረዥም ዘመን አስፈላጊ ነው ሲሉት የነበረው መሣሪያ፥ እረኛንና ውሃ ቀጂን የሚቈራርጥ መሆኑ ተመዝኖ ከሕግ ውጭ ሆነ። በ1998 ደግሞ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትን የሚያቋቁመው የሮማ ስምምነት በ120 ድምፅ ጸደቀ። ከዚህ የተነሣ በገዛ ሕዝቡ ላይ የሚፈጸም እልቂት የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው የሚለው መከላከያ ኃይሉ ተቀነሰ።

ጃፓን ሁለተኛውን ክፍል፥ ማለት ከችጋር ነጻ መውጣትን ያዘች። በ1997 የእስያ ገንዘብ ሲወድቅ ሚሊዮኖች በአንድ ዓመት ወደ ድኽነት መግባታቸውን ያዩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኬይዞ ኦቡቺ በ1998 አሳቡን የመንግሥታቸው የውጭ መመሪያ አደረጉት፤ በ1999ም በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚውል የአደራ ገንዘብ ተቋቋመ። ቀጥሎም የቀድሞዋ የስደተኞች ኮሚሽነር ሳዳኮ ኦጋታና ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በአንድነት የመሩት ኮሚሽን መርምሮ በ2003 መግለጫውን አወጣ። በዚህ መግለጫ ሁለት መንገዶች ተለይተው ታዩ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች የሚመጣው የመንግሥት ጥበቃ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ራሱን እንዲጠብቅ አቅም መስጠት ነው።

አፍሪካም በዚህ ነገር ኋላ የቀረች አይደለችም። በ2000 በሎሜ የተፈረመው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ በአንቀጽ 4፥ የጦር ወንጀል፥ የዘር ማጥፋትና በሰብእና ላይ የሚሠራ ወንጀል ሲደርስ ኅብረቱ በአባል አገር ውስጥ ጣልቃ ሊገባ መብት እንዳለው ደነገገ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ለአርባ ዓመት ያህል በሉዓላዊነትና ጣልቃ ባለመግባት ላይ ቆሞ እንደነበር ለሚያስታውስ፥ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። በ2004 በሲርት የጸደቀው የመከላከያና የጸጥታ መመሪያ፥ በ2005ም በአቡጃ የተፈረመው የአለመወራረር ውል፥ የሰው ልጅ ደኅንነት ማለት የሰው መሠረታዊ ፍላጎት መሟላትና በክብር ለመኖር የሚያስፈልገው ሁሉ መዘጋጀት ነው ብለው በግልጽ ተርጕመውታል። ነገር ግን ሕጉ በተፈተነ ጊዜ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በ2015 መጨረሻ የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት 5,000 ወታደር ወደ ቡሩንዲ ይላክ ብሎ ወሰነ፤ የቡሩንዲ መንግሥት እምቢ ባለ ጊዜ መሪዎቹ በጃንዋሪ 2016 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ጦሩን ሳይልኩ ቀሩ። የተጻፈው ሕግ አለ፤ የሚያስፈጽመው ልብ ግን አልተገኘም።

በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥም የአነጋገሩ ለውጥ በየዓመቱ ይታያል። በ1999 ስለ ሰላማዊ ሰዎች ጥበቃ፥ በ2000 ስለ ሴቶችና ስለ ጦርነት፥ በዚያው ዓመት ስለ ኤድስ በሽታ፥ በ2018 ደግሞ ራብን የጦር መሣሪያ ማድረግ የተወገዘ ስለ መሆኑ ውሳኔዎች ወጥተዋል። ከዚያ በፊት በጄኔራሎችና በወሰን ጠብ ብቻ ተጠምዶ የነበረ ምክር ቤት ስለ በሽታና ስለ እህል መነጋገሩ ቀላል ነገር ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የኤቦላ ነገር ነው። በሽታው በ2014 በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በተስፋፋ ጊዜ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በጁን ወር ነገሩ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖአል ብሎ ጮኾ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ አደጋ መሆኑን ያወጀው በኦገስት፥ የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ በሽታው ለዓለም ሰላምና ጸጥታ አደጋ ነው ብሎ የወሰነው በሴፕቴምበር ነው። ውሳኔውን ከ130 በላይ የሆኑ መንግሥታት ደግፈው አቀረቡት። ከዚያም አሜሪካ ወደ ላይቤሪያ፥ እንግሊዝ ወደ ሴራሊዮን ወታደሮችን ላኩ፤ ወታደሮቹም የሄዱት ሊተኵሱ ሳይሆን የሕክምና ድንኳን ሊተክሉ፥ መንገድ ሊከፍቱና ዕቃ ሊያጓጕዙ ነበር። በዚህ ጊዜ የጦር ኃይል በእርግጥ ለሰው ልጅ ደኅንነት ሠርቶአል። ሆኖም በሽታው እስኪገታ ድረስ ከ11,300 ሰዎች በላይ ሞቱ። የተጻፈው መመሪያ ሁሉ አስቀድሞ መከላከልን ሲያስተምር፥ ምክር ቤቱ የተነሣው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆኖ ነው።

አሳቡ በኃይለኞች እጅ ሲገባ የሚያመጣው ሌላ ችግርም አለ። በ2005 የዓለም መሪዎች በኒውዮርክ ተሰብስበው፥ እያንዳንዱ መንግሥት ሕዝቡን ከእልቂት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ ፈጽሞ ሳይችል ወይም ሳይወድ ቢቀር የዓለም መንግሥታት በጸጥታው ምክር ቤት በኩል ሊገቡ ይችላሉ ብለው ተስማሙ። በዚህ መሠረት በማርች 2011 ምክር ቤቱ የሊቢያን ሕዝብ ለመጠበቅ አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ ብሎ በ10 ድምፅ ፈቀደ፤ ሩስያ፥ ቻይና፥ ሕንድ፥ ብራዚልና ጀርመን ድምፃቸውን አቀቡ። ሕዝብን ለመጠበቅ ተብሎ የተጀመረው የአየር ጦርነት መንግሥትን በመጣል ተፈጸመ፤ ከዚያ በኋላ ሊቢያ ለብዙ ዓመት የተከፋፈለች፥ ስደተኛ የሚሸጥባትና መሣሪያ ወደ ሳሕል አገሮች የሚፈስባት ምድር ሆነች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ስለ ሶርያ የቀረበውን ውሳኔ ሩስያና ቻይና በመሰረዝ ድምፅ ጣሉት። የሊቢያ አፈጻጸም የሶርያን ሕዝብ ረዳት አሳጣው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠቅላላው ጉባኤ በ2012 የሰው ልጅ ደኅንነት ምን ማለት እንደሆነ ሲወስን፥ አሳቡ ጦርን መጠቀምን እንደማይጨምርና ዋናው ኃላፊነት የየአገሩ መንግሥት መሆኑን አክሎ ጻፈ። በዚህም ታናናሾቹ አገሮች ከፍርሃት ዐረፉ፤ ቃሉም ጥርሱ ወለቀ።

የአሳቡን ጉድለት ሊቃውንትም አልሸሸጉም። ካናዳዊው ሊቅ ሮላንድ ፓሪስ በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሁሉን ነገር ጸጥታ ብሎ የሚጠራ ሰው የቱ እንደሚቀድም ሊናገር አይችልም ብሎ ተቸ። ትችቱ ለባለሥልጣን የሚረባ ነው። አንድ ሚኒስትር መቶ ብር ይዞ ለወሰን ጠባቂ፥ ለጉድጓድ ውሃ፥ ለክትባትና ለዳኛ እኩል አስፈላጊ ናቸው ቢሉት፥ ምክር ሰጡት ማለት አይቻልም። አሳቡ ፍሬ ያፈራው ጠባብ፥ የሚቈጠርና የሚፈረም ነገር በተያዘበት ስፍራ እንደሆነ ከላይ የተጠቀሱት ነገሮች ያስረዳሉ። ፈንጂ ተከለከለ፤ ፍርድ ቤት ቆመ፤ የሕክምና ድንኳን ተተከለ። በሰፊው ሲነገር ግን ሰፊ ሆኖ ቀረ። ራሷ ካናዳ እንኳ በ2006 መንግሥቷ በተለወጠ ጊዜ ቃሉን ከመንግሥት አነጋገር አወጣችው፤ ሕግና መሥሪያ ቤት ያልሆነ መመሪያ ከሚኒስትሩ ጋር አብሮ እንደሚሻር በዚህ ታየ።

የቃልና የሥራ ርቀት ደግሞ በእንግሊዝ አገር በግልጽ ተለካ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2010 ባወጣው የጸጥታ መመሪያ የወረርሽኝ በሽታን ከሽብርና ከጦርነት ጋር በአንደኛ ደረጃ አደጋ ውስጥ አስገብቶ ጻፈ። በጽሑፍ ረገድ አሳቡ ፈጽሞ ድል አድርጎ ነበር። በ2020 ኮቪድ በመጣ ጊዜ ግን መሰናዶው ከወረቀቱ ጋር አልተገናኘም፤ ነገሩን የመረመረው ጉባኤ በ2024 ባወጣው የመጀመሪያ መግለጫ፥ አገሪቱ ላልመጣው ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ እንደ ተዘጋጀች ገለጸ። ከ200 ሺሕ በላይ የሆነ ሕዝቧ አለቀ። በመላው ዓለም በ2020ና በ2021 ከበሽታው ጋር በተያያዘ ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን እንደሚሆን የዓለም ጤና ድርጅት ገምቶአል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሰው የገደለ ጦርነት የለም። ይህም ሆኖ የጸጥታው ምክር ቤት ስለ በሽታው የመጀመሪያ ውሳኔውን ለመስጠት ከሦስት ወር በላይ ፈጀበት፤ ያዘገየውም አሜሪካና ቻይና ስለ ዓለም ጤና ድርጅት ስም መጠቀስ መከራከራቸው ነው።

ወደ ገንዘቡ መዝገብ ስንመለስ መልሱ ይበልጥ ይጐላል። በስቶክሆልም ያለው የሰላም ምርምር ተቋም እንደ ቈጠረው፥ በ2024 የዓለም መንግሥታት ለጦር ያወጡት ገንዘብ 2,718 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ይህም ከቀደመው ዓመት በ9.4 በመቶ ይበልጣል፤ በተከታታይም ለአሥር ዓመት ሲጨምር የመጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዚያ ዓመት መደበኛ በጀት፥ የሰላም አስከባሪ ጦር ወጪ ሳይጨመር፥ 3.59 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የዓለም ጦር በግማሽ ቀን የሚያወጣው ገንዘብ የዓለም ማኅበርን ለአንድ ዓመት ያኖራል ማለት ነው። በ2025 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የጦር በጀቱን ለማሳደግ ለውጭ አገር ይሰጥ የነበረውን ርዳታ ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 እንደሚያወርድ አስታወቀ፤ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትም በጁላይ ወር ሥራውን አቆመ። የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን አባሎች በ2022 ባወጡት መመሪያ ስለ ሰው ልጅ ደኅንነት ጽፈው ነበር፤ በ2025 በሄግ ሲሰበሰቡ ግን እስከ 2035 ከጠቅላላ ምርታቸው 5 በመቶ ለመከላከያና ከእርሱ ጋር ለተያያዘ ሥራ ለማውጣት ተስማሙ። በዚያው ዓመት ኢስቶኒያ፥ ላትቪያ፥ ሊቱዌኒያ፥ ፊንላንድና ፖላንድ ከፈንጂ ክልከላ ውል እንደሚወጡ አስታወቁ። የአሳቡ በኩር ልጅ የሆነው ውል እንኳ ስጋት በመጣ ጊዜ ተነካ።

ይሁን እንጂ በእነዚህ አገሮች ላይ መፍረድ ቀላል አይሆንም። ሩስያ በ2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስታደርግ፥ የሰው ምግብ፥ ጤናና ቤት ሁሉ በአንድ ሌሊት በወሰን መደፈር ምክንያት እንደሚጠፋ ጎረቤቶቿ አይተዋል። ኢትዮጵያም ይህን ከማንም አስቀድማ ታውቃለች። በ1928 ዓ.ም. በዤኔቭ የቆመው ንጉሠ ነገሥት ያቀረበው አቤቱታ፥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የሰጠው የጋራ ጸጥታ ቃል ጋሻ ሊሆን ባለመቻሉ የመጣውን እልቂት የሚያስረዳ ነበር። የመርዝ ጢስ ለወረደበት ገበሬ የሰው ልጅ ደኅንነት ማለት በመጀመሪያ ወራሪውን የሚመልስ ኃይል ማለት ነው። እንግዲህ ቅጥር አያስፈልግም የሚል ሰው የሰውን ደኅንነት አልተረዳም።

የቅጥሩ ብቻውን መቆምም አገርን እንደማያድን ያቺው ኢትዮጵያ በሌላ ጊዜ አይታለች። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ራብ ሲገባ ወሰኑ አልተደፈረም፤ ጦሩም በአፍሪካ ከታወቁት አንዱ ነበር። ራቡ ግን እንደ ጸጥታ ነገር አልተቈጠረም፤ ይልቁንም የመንግሥት ስም እንዳይጎድፍ ተብሎ ተሸሸገ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር በአለቆቹ ላይ ሲያምፅ፥ ያሳመፀው የውጭ ጠላት ስብከት ሳይሆን የምግብና የመጠጥ ውሃ ችግር ነበር። በስምንት ወር ውስጥ የዘመናት ዙፋን ወደቀ። ከውጭ የመጣ ጦር ያልቻለውን የእህልና የውሃ እጦት እንደ ቻለ ይህ ታሪክ ምስክር ነው። የሐቅ መግለጫ ሃያ ዓመት ዘግይቶ የጻፈውን ወሎ አስቀድሞ አስተምሮት ነበር።

ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነገር አልታጣም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲ፥ ለአገሪቱ ታላቁ አደጋ ከውጭ የሚመጣ ጠላት ሳይሆን ድኽነት፥ ኋላ ቀርነትና የመልካም አስተዳደር ጉድለት ነው ብሎ ደመደመ። ይህ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ባበቃ በሁለት ዓመት ውስጥ መጻፉ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብርም ራብ ሲመጣ ከመለመን አስቀድሞ ለሥራ እህልና ገንዘብ መስጠት ይሻላል ብሎ፥ እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ያቀፈ ጊዜ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር በመንግሥት ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ነው። ነገር ግን አደጋው ከውስጥ ነው ብሎ መጻፉ ብቻ አደጋውን አላራቀውም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁለት ዓመት የቆየው፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል ያቆመው ጦርነት፥ እርሻን፥ ሐኪም ቤትንና ትምህርት ቤትን አፍርሶ፥ ሕዝብን በራብና በመፈናቀል ቀጥቶአል። ከሰባቱ የደኅንነት ክፍሎች መካከል የምግቡን ይዞ የፖለቲካውን፥ ማለት ተነጋግሮ የመስማማትን ነገር የለቀቀ አገር፥ የምግቡንም እንደማያቈይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቅጥርና ጎተራ አብረው እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ የጥንት ምሳሌ በነህምያ ታሪክ ይገኛል። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላት ስለ ከበበው ሠራተኛው በአንድ እጁ ይሠራ፥ በአንድ እጁም መሣሪያ ይይዝ ነበር። ሥራው ገና ሳይፈጸም ሕዝቡ ጮኸ፤ ጩኸቱም ከቅጥር ውጭ ባለው ጠላት ላይ አልነበረም፤ ስለ እህል ብለው እርሻቸውንና ቤታቸውን ያስያዙ፥ ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡ ድኾች በገዛ ወንድሞቻቸው በባለጠጎቹና በሹማምንቱ ላይ የጮኹት ነበር። ነህምያ ቅጥሩ እስኪያልቅ ታገሡ አላለም። ሹማምንቱን ሰብስቦ ወቀሰ፤ እርሻውንና ወለዱን አስመለሰ፤ ራሱም ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ተወ። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ። ለሚጠብቀው ሕዝብ እንጀራና ፍትሕ ያላገኘለት ቅጥር የሚቆምበት ሰው እንደሌለው ያ ገዥ አውቆ ነበር።

እንግዲህ የሰው ልጅ ደኅንነት የመንግሥታትን የጸጥታ ሥራ ለውጦአልን? ለሚለው መልሱ እንዲህ ነው። ሕጉን ለውጦአል፤ በገዛ ሕዝብ ላይ የሚሠራ ግፍ ዛሬ ጠያቂ አለው። የምክር ቤቶችን መነጋገሪያ አስፍቶአል፤ ራብና በሽታ በጸጥታ ጉባኤ ላይ ይነሣሉ። የወታደርንም ሥራ በአንዳንድ ስፍራ ለውጦአል። የገንዘብ ሣጥኑን መክፈቻ ግን አልያዘም፤ ስጋት በመጣ ጊዜም ከቅጥርና ከጎተራ የቱ ይቅደም ሲባል፥ የሚቀነሰው ዛሬም ጎተራው ነው። ውጤቱም ተቈጥሮአል፤ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2022 ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ ከሰባት ሰዎች ስድስቱ የደኅንነት ስጋት እንዳላቸው ተገልጾአል። መሣሪያ እየበዛ የሰው ስጋት ካልቀነሰ፥ መሣሪያው የሚጠብቀው ምን እንደሆነ መጠየቅ የማይገባ ሆኖ አይቈጠርም።

ይህን ለማቃናት አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። አንድ መንግሥት አሳቡን በእውነት መቀበሉ በሦስት ነገር ይታወቃል። የመጀመሪያው፥ የጸጥታ ምክር በሚደረግበት ጠረጴዛ ላይ ከጦር ሹም ጎን የእርሻ፥ የጤናና የፍርድ ሹሞች መቀመጣቸው ነው፤ ተቀምጠውም ቃላቸው መሰማቱ ነው። ሁለተኛው፥ በዓመቱ በጀት ውስጥ ለመከላከል የተመደበው ገንዘብ በመጀመሪያው ችግር ጊዜ የማይነካ መሆኑ ነው። ሦስተኛው፥ ክፉ ወሬ ከታች ወደ ላይ ሳይቀጣ መድረሱ ነው። ገበሬው የእርሻ በሬውን ሲሸጥ፥ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲቀር፥ ቤተሰብ በሌሊት ቀዬውን ለቅቆ ሲሰደድ መጀመሪያ የሚያየው ሚኒስትሩ ሳይሆን የቀበሌው ሹምና የአጥቢያው ካህን ነው። ወሎ በራብ ያለቀው ያየ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የታየው ነገር ለሚቈርጠው ሰው በጊዜው ስላልደረሰ፥ የደረሰውም ስለ ተሸሸገ ነው። ያየውን በጊዜው የሚናገር ካህን፥ የተነገረውን ሳይሸሽግ ወደ ላይ የሚያስተላልፍ ሹም፥ የተላለፈለትን ሰምቶ ከራቡ አስቀድሞ እህሉን የሚያስነሣ መንግሥት፥ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ በወሰኑ የቆመው ወታደር የሚጠብቀው ሕዝብ በኋላው አለው።